አባቴ የተኛበት ዓመት

ይህ የሆነው ኮሮና በበረታበት ጊዜ፣ እኔም ታምሜ በዳንኩ በሦስተኛው ወር ነው። አሁን ደህና ነኝ። ግን የአባቴ ስም ስልኬ ላይ በመጣ ቁጥር ያን ሰሞን አስታውሳለሁ።

አዳማ ውስጥ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ኮሮና ሲይዘኝ ሆስፒታል ገብቼ ዘጠኝ ቀን በኦክስጅን ቆየሁ። አጠገቤ ተኝታ የነበረችው ሴት በሕይወት አልወጣችም፤ እኔ ወጣሁ። የጸሎት ቡድናችን ሰዎች ቤቴ መጥተው ዘመሩ፣ ፈጣሪን አመሰገኑ። እኔ መሀላቸው ተቀምጬ ምንም አልተሰማኝም።

መጀመሪያ ድካም ነው ብዬ ነበር። ሳሉ ጠፋ፣ ትንፋሼም ተስተካከለ። ምግብ ግን አላሰኝ አለኝ። የደንበኛ ጨርቅ ለመቁረጥ መቀስ አነሳና መልሼ አስቀምጣለሁ። የስምንት ዓመት ልጄ ፀጉሯን እንድሠራላት ማበጠሪያ ይዛ ስትመጣ «ቆይ» እላታለሁ። በኋላ መምጣቱንም ተወችው። አንድ ቀን ባለቤቴን «ምነው ያቺ ሴት ወጥታ እኔ በቀረሁ» አልኩት። ደንግጦ በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ።

ሐኪሙ ወጣትና ረጋ ያለ ነው። ድብርት እንደሆነ፣ ከከባድ የቫይረስ ሕመም ያገገሙ ሰዎች ላይም እንደሚያየው ነገረኝ። ቀጥሎ ከቤተሰቤ እንዲህ የሆነ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቀኝ። «የለም» አልኩት። እውነቴን ነበር። ያዘዘልኝን ኪኒን ግን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ከሞት ተርፎ ለሐዘን መድኃኒት መዋጥ የእምነት ማነስ መሰለኝ።

ባለቤቴ ሳይነግረኝ አቦምሳ ለሚኖረው አባቴ ደወለ።

አባቴ አናጺ ነው። ስድስተኛ ክፍል እያለሁ የወፍ በሽታ ይዞት፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ከሞት አፋፍ ተመለሰ። ከዳነ በኋላ ግን ከአንድ ዓመት በላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። የጀመራቸውን በርና መስኮቶች ግቢ ውስጥ ዝናብ መታቸው። እናቴ ገበያ ሽንኩርት እየቸረቸረች አበላችን። ሰዉ «ስንፍና ለመደ» ሲለው እኔም አመንኩ። ኋላ ተነስቶ ሥራውን ቢቀጥልም አልረሳሁለትም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ጊዜ በሆነ ነገር ተጋጨንና «አንተ እኮ ተኝተህ ነው ያሳደግከን» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አናወራም ነበር።

አባዬ ከአቦምሳ በጠዋት ተሳፍሮ ከምሳ በኋላ ደረሰ። የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ «በርቺ እንጂ፣ ልጅሽን አስቢ» ነበር የሚለኝ። እሱ ወንበር ስቦ አልጋዬ አጠገብ ተቀመጠ።

«ጠዋት ነው የሚብስሽ?» አለኝ።

ቀና ብዬ አየሁት። እውነትም ጠዋት ነበር የሚብሰኝ። ለማንም አልነገርኩም።

«ወደ ማታ ትንሽ ይለቅሻል፤ ነገ እነሳለሁ ብለሽ ትተኛለሽ። ሲነጋ እዚያው ነሽ» አለ።

በምን እንዳወቀ ጠየቅሁት።

«በራሴ ነዋ።»

ስለተኛበት ዓመት የነገረኝ ያኔ ነው። እናቴ ቅርጫቷን አንስታ ስትወጣ ይሰማ ነበር። ተነስቶ ሊያግዛት ይፈልጋል፤ እግሩ አይታዘዝለትም። ሰው ሰነፍ ሲለው እሱም ራሱን ሰነፍ አለ። ልጅ ሳለሁ የሞተችው አክስቴም ወልዳ ስትነሳ እንዲሁ ሆና ነበር፤ ቤተሰቡ ልክፍት ነው ብሎ ደበቀው።

በማግስቱ አብረን ሐኪሙ ዘንድ ሄድን። አባዬ በረንዳው ላይ ወረፋ የሚጠብቁትን ሁሉ በኦሮምኛ «አካም ጂርቱ» እያለ ሰላም ብሎ አለፈ። ሐኪሙ ፊት ሲደርስ ግን ባርኔጣውን አውልቆ እንደ ተከሳሽ ቆመ።

«ዶክተር፣ ልጄ ቤተሰባችን ውስጥ የለም ያለችዎት ስለማታውቅ ነው። እኔ ነበርኩ። እህቴም ነበረች። ከእኔ ወርሳው ከሆነ ይወቁት።»



ሐኪሙ አስቀመጠውና የማንም ጥፋት እንዳልሆነ ነገረው። በዘር የሚመጣው ተጋላጭነቱ እንጂ ሕመሙ ራሱ አይደለም አለን። ያም ቢሆን ከብዙ ጥቃቅን ነገሮች የተደማመረ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ደህና ሆኖ ሊኖር ይችላል፤ ከባድ ሕመም ሲያናውጠው ደግሞ ሊቀሰቀስበት ይችላል። እኔ ላይ የዘሩ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ፣ ሆስፒታል ያየሁት ሞትስ ምን ያህል እንደጎዳኝ ለይቶ መናገር እንደማይችልም አልደበቀንም።

አባዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «ያኔም መድኃኒት ነበረው?»

ሐኪሙ «ነበረው፣ አባባ» አለው።

አባዬ አንገቱን ደፍቶ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክር ጀመር።

በባጃጅ ስንመለስ ያኔ «ተኝተህ ነው ያሳደግከን» ያልኩትን አንስቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። ረስቶታል ብዬ ነበር፤ አልረሳውም።

«ያኔ እኮ እኔም እውነት መስሎኝ ነበር» አለኝ።

መድኃኒቱን በዚያው ቀን ጀመርኩ። ቶሎ አልሠራም። አባዬ እኛ ዘንድ ከረመ፤ ጠዋት ጠዋት እየቀሰቀሰ እስከ ዋናው መንገድ ያስኬደኛል። አላወራም፣ አያወራኝም። ከወር በላይ ቆይቶ አንድ ቀን ጎረቤቴ ወጥ ስታቁላላ ሽታው ደረሰኝና ራበኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ዛሬ የሚቆጨኝ እናቴ ይህን ሁሉ ሳታውቅ መሞቷ ነው። ለልጄም አንዳንዴ እፈራለሁ፤ ግን እንደ እኔ ሳታውቅ አታድግም። ነገሩን መደበቅ አልፈልግም።

ባቱ ከተማ አበባ እርሻ ላይ የሚሠራ ታናሽ ወንድም አለኝ። ኮሮና እሱንም ይዞት ነበር። ባለፈው ደውዬ የአባዬን፣ የአክስታችንን፣ የራሴን ሁሉ ነገርኩት። ቀልደኛ ስለሆነ ይስቅብኛል ብዬ ነበር። አልሳቀም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስሙን ጠራሁ።

«አለሁ» አለኝ። ቆይቶም «የሐኪሙን አድራሻ ላኪልኝ» አለ።