ማንጠግቦሽ እና የጥር ፀሐይ

በ2006 ዓ.ም. ጥር ወር፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ጉንደ ወይን ከተማ ባዮሎጂ የምታስተምረው ሔዋን ወንድሟ ቤት ስትደርስ ልጃቸው ማንጠግቦሽ የለችም።

«መሪጌታ በበቅሎ ይዘዋት ወደ ጠበል ሄዱ» አለቻት የወንድሟ ሚስት አመተ ሥላሴ፣ ፊቷን አዙራ።

ሔዋን ቀና ብላ ሰማዩን አየች። አንድም ደመና የለም።

ማንጠግቦሽ አምስት ዓመቷ ነው። ከጨቅላነቷ ጀምሮ ደጅ በወጣች ቁጥር ፊቷ ይቀላል፣ ይላጣል፤ እያደር በጥቁር ነጠብጣብ ተሞላ። ጎረቤቱ ዓይነ ጥላ ነው አለ። ባሕር ዳር ወስዳ ያስመረመረቻት ሔዋን ናት። ሐኪሙ የልጅቷ ሰውነት ፀሐይ ያደረሰችበትን ጉዳት መጠገን እንደማይችል ነግሯት ነበር።

ይህን ለወንድሟ ለመሪጌታ አካለ ወልድ ደፍሮ መንገር ግን ሌላ ነገር ነው። አባታቸው ሲሞት ከቅኔ ቤት ተመልሰው ያሳደጓት፣ ዘመድ «ትዳር» ሲል «ትማራለች» ብለው ደብረ ማርቆስ የላኳት እሳቸው ናቸው። ከቃላቸው ወጥታ አታውቅም።

ባጃጅ እስከሚሄድበት ሄደች፤ ከዚያ ወዲያ ሮጠች። ዛፍ በሌለበት የጤፍ ማሳ መካከል ደረሰችባቸው። ልጅቷ በቅሎዋ ላይ ነጠላዋ ከፊቷ ወርዶ፣ ዓይኗን ጨፍና ታለቅሳለች። ሔዋን ልጓሙን ያዘች።

«ጋሼ፣ ይመልሷት!»

«እጅሽን አንሺ። ያስተማርኩሽ ጠበል እንድትከለክዪኝ ነው? የእግዚአብሔር ፀሐይ ሰው ትገድላለች?»

ሔዋን ጋቢዋን አውልቃ ልጅቷን አለበሰቻት።

«ጠበሉን አልከለከልኩም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ይስሙኝ። በሰውነታችን ሕዋስ ሁሉ ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል ሁለት ሆኖ የተጠማዘዘ ክር አለ። ሕዋሱ ሲባዛ ይገለበጣል፣ ሲጎዳም ይጠገናል። ለዚህ ሲባል ሁለቱ ይለያያሉ። ነጠላ የቀረው ክር ዝም ብለው ቢተዉት እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ይበጠሳል። ስለዚህ ፕሮቲኖች ይቀመጡበታል፤ ዘርግተው ይዘው ይጠብቁታል፣ ለሚጠግኑትም ቦታ ያመቻቻሉ።»

«ጠባቂ ካለው ምን አስፈራሽ ታዲያ?»

«ጠባቂውማ አላት፤ የጎደላት ጠጋኝ ነው። ፀሐይ ያበላሸችውን ቆርጦ የሚያወጣ ስለሌለ እንዳለ ይቀራል። ክሩ ሲገለበጥ እዚያ ቦታ ላይ ሥራው ይቆማል፤ ክሩም እንደተከፈተ ይቆያል። ጠባቂዎቹ ይሸፍኑታል፤ ግን ማለቂያ የሌላቸው አይደሉም። ጉዳቱ ከበዛባቸው ያልቃሉ። ያልተሸፈነው ክር ይቆራረጣል። ሕዋሱ ይሞታል፣ ወይ ተበላሽቶ ይባዛል። መጨረሻው ካንሰር ነው፣ ጋሼ። በዚች ፊት ላይ!»

በቅሎዋ መሬቱን ጫረች።

«አባ፣ ዓይኔን አቃጠለኝ» አለች ማንጠግቦሽ ከጋቢው ውስጥ።

ይኼኔ ደንገጥ ብለው ካባቸውን አወለቁ፤ በጋቢው ላይ ደርበው ልጅቷን ታቀፏትና ማዶ ወደሚታየው የቤተ ክርስቲያን ጽድ ገሰገሱ። ሔዋን በቅሎዋን እየሳበች ተከተለቻቸው። ፀሐይ እስክትጠልቅ እዚያው ጥላ ሥር ተቀመጡ። ልጅቷም ጠበሉን በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ተጠመቀች።

እንዲያም ሆኖ ከዚያ ረፋድ ፀሐይ የተነሣ ፊቷ ቆስሎ ሰነበተ። መሪጌታ እህታቸውን ለወራት አላናገሩም። የቤታቸውን መስኮት ግን በገዛ እጃቸው በጥቁር ጨርቅ ጋረዱ፤ ጃንጥላም ገዙ። ማንጠግቦሽ ትምህርት ቤት የገባችውም፣ ሔዋን ርዕሰ መምህሩን ለምናላት፣ ክፍሉ መጋረጃ ተበጅቶለት ነው።

በ2009 ከዓይኗ ሥር እብጠት ወጣ። ባሕር ዳር ቆርጠው አወጡላት፤ ጠባሳው አለ። ከዚያ ወዲህ ለምርመራ የሚወስዷት መሪጌታና ሔዋን አብረው ናቸው። ሐኪሙ መብራቱን አስጠግቶ ፊቷን ሲመረምር መሪጌታ ከንፈራቸው ለጸሎት ይንቀሳቀሳል፤ ሔዋን ደግሞ ሐኪሙ ቀና እስኪል ድረስ ትንፋሿን ውጣ ትጠብቃለች።