ደረጀ «እናቴ ናት» ያለበት እሁድ

ባለፈው እሁድ ቤቴል ካለው የልጄ ቤት ምሳ በልተን እንደጨረስን የልጅ ልጄ ማርታ ከጎኔ ተቀምጣ አንድ የውጭ ተከታታይ ፊልም ከፈተች። ሰዎች በመርከብ ከኮከብ ወደ ኮከብ የሚሄዱበት ዓይነት ነው። ከመርከቡ ሠራተኞች አንዷ ግንባሯ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ነገር አላት። ማርታ ልታስረዳኝ ብላ፣

«አማማ፣ እሷ እኮ ግማሽ ናት» አለችኝ።

«የምን ግማሽ?»

«በአባቷ ሰው ናት፤ በእናቷ ደግሞ ከሌላ ፕላኔት። ለዚህ ነው የማይወዷት።»

«እናቷስ መጥታ ታውቃለች?»

ማርታ ዞር ብላ አየችኝ። «እስካሁን አልመጣችም። ምነው?»

«እንዲያው ነው» አልኳት። ሻዬን እየጠጣሁ ማየቴን ቀጠልኩ፤ ልቤ ግን ኮልፌ ሄዶ ነበር።

አሥራ አንደኛ ክፍል እያለሁ ነው። ቤታችን ከ18 ማዞሪያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በክረምት ጭቃው ጫማ ከሚያስቀር አንድ መንገድ ዳር ነበር። በሰፈሩ ቴሌቪዥን ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ስለሆነ ብዙዎቻችን የምናየው በቀበሌው አዳራሽ ነው። አዳራሹ ከአብዮቱ በፊት የአንድ ነጋዴ መጋዘን ነበር። ዝናብ በጣለ ቁጥር የድሮው በርበሬ ሽታ ከግድግዳው ይወጣና ሰዉን ያስነጥሳል። ቴሌቪዥኑ መዝጊያ ባለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ የሳጥኑ ቁልፍ ከሊቀመንበሩ ኪስ አይወጣም። እሁድ ከሰዓት በኋላ መስኮቶቹ በማዳበሪያ ጆንያ ይሸፈናሉ፣ በሩም ይዘጋል። ብርሃን ከገባ ምስሉ አይታይም።

በዚያ ሰዓት የሚታየው ፊልም በእንግሊዝኛ ነበር። ከተመልካቹ አብዛኛው እንግሊዝኛ ስለማያውቅ በአዳራሹ አንድ ልማድ ተፈጠረ፤ አንድ ተማሪ ከሳጥኑ አጠገብ ዱካ ላይ ይቀመጥና እየሰማ ለሰዉ ጮክ ብሎ በአማርኛ ይናገራል። የመጀመሪያው አስተርጓሚ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገጠር ሲሄድ ሊቀመንበሩ እኔን መረጡ። በእንግሊዝኛ ጎበዝ ናት የሚል ወሬ ሰምተው ነው። እውነቱን ለመናገር ግማሹን እየሰማሁ ግማሹን እገምት ነበር። ማንም አላወቀብኝም። ሰዎች ሲስቁ እኔ ካልኩት ተነሥተው ነው፣ ሲያዝኑም እንደዚያው። በአሥራ ሰባት ዓመቴ ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

በዚህ ከእኔ ይበልጥ የኮሩት አክስቴ እትዬ አሰገደች ናቸው። አባቴ የመንዝ ሰው፣ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ በወር አንድ ጊዜ ቢገባ ነው። እትዬ አሰገደች ታላቅ እህቱ ናቸው። እሱ በሌለበት ቤታችንን የሚቆጣጠሩት እሳቸው ነበሩ። ሁልጊዜ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጡና ለጎረቤታቸው፣ «የወንድሜ ልጅ ናት» ይላሉ። የማን ልጅ እንደሆንኩ በእናቴ በኩል አይናገሩም።

እናቴ የጋሞ ሰው ናት። አባቷ፣ አያቴ አቶ ጫሬ፣ ከወጣትነቱ ጀምሮ ኮልፌ የኖረ ሸማኔ ነው። አባቴ ጋቢ ሊያሠራ ሄዶ ነው ፈትል ስትፈትል ያያት። በቀበሌ ስብሰባ ሊቀመንበሩ፣ «ሸማኔውም ሸክላ ሠሪዋም ክቡር ሠርቶ አደር ናቸው» ሲሉ ይጨበጨባል። ከስብሰባው ሲወጣ ግን ለሸማኔ ልጁን የሚድር አልነበረም። ያን ጊዜ ሸማኔ የሚሰደብበትን ስም እዚህ አልጽፈውም። የሰደቡት ሰዎች ትከሻ ላይ ያለው ነጠላ ከማን እጅ እንደወጣ አስቤ ብዙ ጊዜ ገርሞኛል።

የራሴንም መናገር አለብኝ። እናቴ የበቆሎ ዱቄት ከጎመን ጋር እያድበለበለች የምትቀቅለውን ኩርኩፋ እወድ ነበር። ትምህርት ቤት ግን ምሳ ምን እንደበላሁ ስጠየቅ «ሽሮ» እላለሁ። አክስቴ አስጠንቅቀውኛል። «የአባትሽን አገር ንገሪ። የእናትሽን ማን ጠየቀሽ?» ይሉኛል። እውነትም ማንም አይጠይቀኝም ነበር፤ መልኬን አይቶ የሚለየኝ የለም። አዳራሹ ውስጥ ሳስተረጉም እናቴ መጥታ እንድታይ አንድ ቀን አልጋበዝኳትም። እሷም አልጠየቀችኝም።

ፊልሙ ስለ አንድ የጠፈር መርከብ ነው። ከሠራተኞቹ መካከል ሞተሩን የሚጠግን አንድ ወጣት አለ። ስሙ ለአፍ ስለሚያስቸግር አዳራሹ በሁለተኛው ሳምንት «ደረጀ» ብሎ ሰየመው። ደረጀ አባቱ ሰው ነው፤ እናቱ ግን ቆዳቸው ሰማያዊ ከሆነ ሕዝብ ትወለዳለች። ሌሎቹ በማዕድ አብረውት አይቀመጡም፣ የነካውንም ዕቃ አጥበው ነው የሚይዙት።

ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ ነበር። ይህን መጀመሪያ የነገርኳቸው ቀን ሁልጊዜ ከኋላ የሚቀመጡት አባባ ወልዴ፣ ጡረታ የወጡ ወታደር፣ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ የቱ ነው ሰማያዊው?»

«እሱ፣ በግራ በኩል የቆመው።»

«እሱማ እንደሌሎቹ አመድ መስሏል።»

«ቴሌቪዥኑ ነው እንጂ ሰማያዊ ነው፣ አባባ።»

«ማን አለ?»

«እነሱ ናቸው ያሉት።»

«እንግዲህ እነሱ ካሉ» አሉና አባባ ወልዴ ተቀመጡ። አዳራሹ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ስተኛ ግን ሳቁ ቀርቶ ጥያቄያቸው አብሮኝ አደረ።

ያ እሁድ መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐዩ የበረታበት፣ መንገዱ ደርቆ የተሰነጠቀበት ሰሞን ነበር። አዳራሹ ጢም ብሏል። በዚያ ቀን ፊልም ውስጥ መርከቡ አንድ ወደብ ላይ ቆሞ ሳለ የደረጀ እናት ልጇን ልታይ መጣች። ረጅም ቀሚስ የለበሰች፣ ትንሽ ዕቃ በጨርቅ የቋጠረች ሴት ናት። ከባልደረቦቹ አንዱ አያትና፣ «ይቺ ማናት?» አለው። ደረጀ ቋጠሮዋን አየ፣ ፊቷን አየ። ከዚያ የመለሰው አጭር ነበር፤ መገመት አላስፈለገኝም።

«አላውቃትም። አገልጋይ ሳትሆን አትቀርም» ብዬ ተረጎምኩ።

አዳራሹ አጉረመረመ። «የገዛ እናቱን?» አለች አንዲት ሴት። አክስቴ፣ «ምን ያድርግ፣ ሥራውን ሊያጣ ነው እንዴ?» አሉ። «ሥራው ይቅርበት» አሉ አባባ ወልዴ ከኋላ።

ይህን ሲሉ በሩ ተከፈተ። የመስከረም ፀሐይ እንዳለ ገብቶ ምስሉን አጠፋው፤ በሳጥኑ ውስጥ ድምፅ ብቻ ቀረ። በበሩ ላይ የቆመችው ሴት ፊቷ ባይታየኝም አቋቋሟን አወቅሁት። እናቴ ነበረች። በእጇ የታጠፈ ነጭ ነገር ይዛለች። አያቴ አዲስ ነጠላ እየሠራልኝ ነበር። በሰው ፊት ትቀመጣለች ብላ እሷ ናት ድሩን የፈተለችው። ከቤት አሮጌውን ለብሼ ስለወጣሁ ልታደርስልኝ መምጣቷ ነው።

«እዚያ በር ላይ ያሉት ሴትዮ ማናቸው?» አሉ ሊቀመንበሩ። «ይግቡ ወይም ይውጡ፤ ፊልሙን አጠፉብን እኮ።»

ሰዉ ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። የሰፈር ሰው ነውና ብዙዎቹ ያውቋታል። አክስቴ ወደ እኔ ተመለከቱ። ጭንቅላታቸውን በትንሹ ነቀነቁ፤ ዝም በዪ ማለታቸው ነበር። እናቴም አይታቸዋለች መሰለኝ፤ ነጠላውን በሩ አጠገብ ለተቀመጠች ሴት ልትሰጥ እጇን ዘረጋች። አስቀምጣልኝ ልትመለስ ነው። ተራ መልእክተኛ ሆና ልትሄድ።

ያን የተዘረጋ እጅ ሳይ ተነሣሁ።

«እናቴ ናት» አልኩ። ለወራት በዚያ አዳራሽ ስጮህ ከርሜ ነበርና ድምፄ እንዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ እስከ መጨረሻው ወንበር ተሰማ። «የሸማኔው የአቶ ጫሬ ልጅ ናት።»

ዱካዬን ትቼ በወንበሮቹ መካከል ሄድኩ። መንገዱ ረጅም ነበር። ሰዎች ጉልበታቸውን እየሰበሰቡ አሳለፉኝ። እናቴ እጇን ስይዘው፣ «ምን ሆነሻል? ሥራሽን ሥሪ እንጂ» አለችኝ ቀስ ብላ። በሩን ዘግቼ ይዣት መጣሁና ዱካዬ ላይ አስቀመጥኳት። አዲሱን ነጠላ እዚያው ለበስኩና ከጎኗ ቆምኩ። ጥለቱ ቀይና ጥቁር ነበር። ገና ውኃ ያልነካው ስለሆነ ትከሻዬ ላይ ደረቅ ብሎ ቆመ።

ምስሉ ሲመለስ ታሪኩ አልፎናል። ደረጀ ባልደረቦቹ ፊት ቆሞ ብዙ ተናግሮ ጨርሷል፤ እናቱ ከኋላው ትታያለች። ከዚያም መርከቡ ተነሥቶ ወደ ኮከቦቹ ሄደ። ቃሉን እኔ አልሰማሁም። በወንበሮቹ መካከል ስሄድ ጆሮዬ ሌላ ነገር አይሰማም ነበር።

«ልጄ፣ ምን አለ?» አሉ አባባ ወልዴ።

«አዎ፣ ደረጀ ምን አላቸው?» አሉ ሌሎቹም። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ያያል። አክስቴ ብቻ መሬት መሬት ያያሉ።

«‹እናቴ ናት› አላቸው» አልኩ።

«ተባረክ» አሉ አባባ ወልዴ። አንድ ሁለት ሰው አጨበጨበ።

ስንመለስ ማዞሪያው ጋ እናቴ ሁለት ጥብስ በቆሎ ገዛች። ሴትየዋ ከከሰሉ ላይ አንሥታ በገለባው ጠቅልላ ሰጠችን። እየበላን ጥቂት እንደሄድን እናቴ፣

«ልጁ እውነት እንደዚያ አለ?» አለችኝ።

«አልሰማሁትም።»

ከበቆሎዋ አንድ ረድፍ ፈልፍላ በላች። «ግድ የለም፣ ጥሩ አድርገሽ ተርጉመሻል» አለች። እናቴ ስለዚያ ቀን የተናገረችው ይህን ብቻ ነው፤ እንደገና አንሥተነው አናውቅም።

አክስቴ ሁለት እሁድ ከአዳራሹ ቀሩ። በሦስተኛው መጥተው፣ እንደ ልማዳቸው ፊት ሳይሆን ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው አንዲት ለሰፈሩ አዲስ የሆነች ሴት ነበረች። «የወንድሜ ልጅ ናት» ሲሏት ሰማሁ። ቆየት አሉና በአገጫቸው፣ ከዚያ እሁድ ወዲህ መምጣት ወደጀመረችው እናቴ እያመለከቱ፣ «እናቷም ያቻት» አሉ። ከእሳቸው ይህ ብዙ ነበር፤ እንደ ብዙም ተቀበልኩት። ትምህርት ቤትም ምሳ ምን በላሽ ሲሉኝ ኩርኩፋ ማለት ጀመርኩ። ምን እንደሆነ የጠየቁኝን አስረዳሁ፣ አንዷን ቤት ወስጄ አበላኋት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሆኛለሁ። ተቀጥሬያለሁ፣ አግብቻለሁ፣ ልጆች አሳድጌያለሁ። ከሠራሁት ሁሉ አንድ ምረጪ ብባል ግን ያንን በወንበሮች መካከል የሄድኩትን መንገድ እመርጣለሁ። ርዝመቱ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው።

ይህን ለማርታ ስነግራት የራሷን ፊልም ድምፅ ዘጋችው። ከጨረስኩ በኋላ ስልኳን አነሣች።

«አማማ፣ የድሮ ፊልም ሁሉ አሁን ይገኛል እኮ። ስሙን ንገሪኝና ልፈልግልሽ። ደረጀ የእውነት ምን እንዳለ ትሰሚያለሽ።»

«ተዪው» አልኳት። «ያለውን አውቀዋለሁ።»

ስልኳን መልሳ አስቀመጠች። ነጠላዬን አስተካክዬ ለመሄድ ተነሣሁ፤ ከቤቴል ታክሲ እሁድ ማታ ያስቸግራል። በሩ ጋ ስደርስ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞር አልኩ። ግንባሯ ቅርፊት ያለባት ልጅ ብቻዋን ተቀምጣ ትበላለች።

«የዚህች ልጅ እናት የመጣች ቀን ግን ደውዪልኝ» አልኳት። «እንግሊዝኛዬ አሁንም ይበቃል።»