የአስር አለቃው ሸሚዝ

ሞረድ ገጀራ ላይ ሲሄድ የሚያወጣው ድምፅ፣ በሚዛን ተፈሪ ገበያ በብረታ ብረት ሻጮቹ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ጥርሴን ያስነክሰኛል። ያን ድምፅ ስሰማ፣ አባቴ ሸኮ አጠገብ በነበረው ቤታችን ደጃፍ ላይ ቅዳሜ ጠዋት ተቀምጦ፣ ሁለት ጣት በጎደለው ቀኝ እጁ ሞረዱን ይዞ፣ ቡና ሥር ያለውን አረም የሚመነጥርበትን ገጀራ ሲስል ይታየኛል።

መንግሥት በተለወጠበት ዓመት፣ በክረምቱ አጋማሽ፣ ከሰሜን ጦር ሜዳ የመንገዱን ግማሽ በእግሩ መጥቶ በራችን ላይ ሲቆም ስድስት ዓመቴ ነበር። እናቴ እልል ብላ አንገቱ ላይ ስትጠመጠም፣ እኔ ያን ጢማም ሰው ፈርቼ አልጋ ሥር ገባሁ። ሰፈሩ «አስር አለቃ» እያለ ይጠራው ነበር፤ ለእኛ ግን እግራችንን አጥቦ፣ ጸጉሬን በስምንት ጣቱ አበጥሮና ጎንጉኖ፣ እስከ ትምህርት ቤቱ በር የሚሸኘን «አባዬ» ነበር። ስለ ጦርነቱ አንድም ቀን አውርቶልን አያውቅም። ነጎድጓድ ሲመጣ ብቻ «ውደቁ!» ብሎ ጮኾ፣ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ታምራትን መሬት ላይ ጥሎ በላያችን ይተኛ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ የታምራት አፍንጫ ከወለሉ ጋር ተጋጭቶ ደማ። አባቴ ደሙን ሲያይ ወደ ውጭ ወጥቶ ግንባሩን ከግድግዳው ጋር ደጋግሞ አጋጨው፤ እናቴ ሄዳ ከኋላው አቅፋ እስክትይዘው ድረስ አልተወም።

አሥራ አንድ ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ በኅዳር፣ ቡናው ቀልቶ ለለቀማ ሲደርስ፣ ከወንዙ ማዶ ካሉት ሰዎች ጋር በጫካ ቡና ወሰን የተነሳውን ጠብ ሽማግሌዎች ማብረድ አቃታቸው። አንድ ጠዋት ቡና እየለቀምን ሳለን ከታች በኩል ጩኸት ሰማን፤ የማዶ ጎረምሶች ዱላና ገጀራ ይዘው ለቃሚዎቹን ያሳድዱ ነበር። አባቴ «ውደቁ!» አለ። ሰማዩ ጥርት ያለ ስለነበር ታምራት ሳቀ። እኔ ከቡናው ሥር ተኝቼ በቅጠሎቹ መሀል አየሁ፦ እናቴ ከነቅርጫቷ ስትሮጥ አንዱ ደርሶባት ጀርባዋን በገጀራ መታት፣ ቀዩ ቡና ተበተነ፣ እሷም በግንባሯ ተደፋች። ልጁ እንደገና እጁን ሲያነሳ አባቴ ደረሰ። የመመንጠሪያ ገጀራውን አንድ ጊዜ ብቻ ሰነዘረ፤ የልጁ ክንድ ከትከሻው ሥር ተከፈተ፣ በመጀመሪያ ነጭ አጥንት፣ ከዚያ ደም አየሁ። ሌሎቹ ይህን ሲያዩ ሸሹ።

የወደቀው ደምሴ ነበር፤ ገበያ ላይ ስንገናኝ ከሚሸጠው ሸንኮራ ቆርጦ የሚሰጠን፣ ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ የሆነ ልጅ።

አባቴ ገጀራውን ጣለ። በመጀመሪያ ወደ እናቴ ዞሮ፣ ቁስሏን በጣቱ ዳስሶ፣ «ጥልቅ አይደለም፤ ትተርፊያለሽ» አላት፤ ነጠላዋን አጣጥፎ ቁስሉ ላይ እያሰረ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ወደ ደምሴ ሄዶ ሸሚዙን አውልቆና ቀዶ ክንዱን አጥብቆ አሰረ። «እንዳትተኛ! እኔን እየኝ!» ይለው ነበር። አማን ከተማ ወዳለው ሐኪም ቤት የሚሄድ መኪና ይገኝ ይሆናል ብለው፣ እሱና አብሮን ይለቅም የነበረው አጎቴ፣ እናቴንና ታምራትን ለሌሎቹ ለቃሚዎች ትተው፣ ከሁለት እንጨትና ከቡና ጆንያ ቃሬዛ ሠርተው ወደ አውራ ጎዳናው ተሸክመውት ወጡ። እኔ ውሃ የያዘ ጀሪካን አንጠልጥዬ ተከተልኩ፤ ማንም ተመለሺ አላለኝም። ደምሴ «ጋሼ፣ እማዬ ጋ ውሰደኝ፣ ጋሼ» እያለ መጥቶ፣ ጎዳናው ሳንደርስ ዝም አለ።

አባቴ ቃሬዛውን አስቀምጦ አጠገቡ ተቀመጠ። አጎቴ «ወንድሞቹ እየመጡ ነው፣ ተነስ እንሂድ!» እያለ ቢጎትተውም አልተነሳም። ቀድሞ የደረሰው የደምሴ አባት ነበር፤ በምርኩዝ የሚሄድ ሽማግሌ። የልጁን ፊት አየ፣ ከዚያ ክንዱን አየ።

«ማነው የቆረጠው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«ማነው ያሰረው?»

«እኔው ነኝ።»

ሽማግሌው ምርኩዙን አንስቶ አባቴን ጭንቅላቱ ላይ መታው፣ ደገመው፤ በሦስተኛው የአባቴ ግንባር ተፈነከተና ደሙ ዓይኑን ሸፈነው። አባቴ እጁን እንኳ አላነሳም። እኔ ስጮህ ሽማግሌው ዞሮ አየኝ፣ ምርኩዙንም ዝቅ አደረገ።

«ልጅህ ናት?»

«አዎ።»

«ይዘሃት ሂድ። ልጆቼ ሳይደርሱ ሂድና እጅህን ስጥ።»

አባቴ ሸሚዝ እንዳልለበሰ፣ ፊቱ ደም በደም ሆኖ፣ እጄን ይዞኝ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ሄደ። እዚያ እጄን ተከትሎን ለመጣው አጎቴ አስረከበው።

አራት የቡና ለቀማ ያለ እሱ አለፈ። እናቴ ጀርባዋ ድኖ፣ በየወሩ ስንቅ ይዛ ትጠይቀው ነበር። ሲፈታ ሽማግሌዎች አስቀድመው ሁለቱን ቤተሰብ አስታርቀው ነበርና ማንም አልነካው። በሚቀጥለው የካቲት፣ ዝናብ ጥሎ ቡናው ባበበ ማግስት፣ አብረን ስንመነጥር በድንገት ቀና አለና፣ «በመጀመሪያ እናትሽን ነው ያየሁት» አለኝ። «የእሷ ጥልቅ እንዳልነበረ አውቅ ነበር። እሱን ባስቀድም ይተርፍ ነበር።» ጎንበስ ብሎም ሥራውን ቀጠለ። እስኪሞትም ድረስ ስለዚያ ቀን ሌላ ቃል አልወጣውም።

ዛሬ ሚዛን ላይ የራሴ ቤትና ልጆች አሉኝ። ልጆቼ ከእናቴ ጀርባ በቀር የገጀራ ጠባሳ አያውቁም። በልጅነቴ ያን ሽማግሌ አምርሬ እጠላው ነበር፤ የአባቴን ግንባር የፈነከተ፣ ለእኔ በዓለም ላይ ካሉት ክፉዎች ሁሉ የከፋ ሰው እሱ ነበር። ዘንድሮ የበኩር ልጄ አሥራ ዘጠኝ ሞላው። ጠዋት ጫማውን አስሮ፣ «ደህና ዋይ፣ እማ» ብሎኝ ሲወጣ ከኋላው እያየሁት እቆያለሁ። ሽማግሌው በሦስት ምት እንዴት እንዳቆመ አላውቅም። እኔ ብሆን አላቆምም ነበር።