ሳይቃና አይበየድም

ባትላሜራው ኃይለመስቀል የግድግዳ ጎረቤቴ ነው። አየር ጤና ካሉት ጋራዦች በአንዱ ሠላሳ አራት ዓመት መኪና አቃንቷል። ተጋጭቶ የተጨማደደ በር አምጡለት፤ ከሦስት ቀን በኋላ ባለመኪናው ራሱ የቱ ጋ እንደተመታ ፈልጎ ያጣዋል። መዶሻው ግን ጆሮውን በላው። የዛሬ ሁለት ዓመት ሐኪሙ "ወይ መዶሻውን ተው፣ ወይ የቀረችህን መስማት ተሰናበታት" ሲለው፣ ቱታውን አጥቦ ሰቀለና በረንዳው ላይ ተቀመጠ።

እንዴት ያለ መቀመጥ መሰላችሁ! ጠዋት ስወጣ እዚያው፣ ከሰዓት ስመለስ እዚያው። አቀርቅሮ የእግሩን ጣት ያያል እንጂ ቀና ብሎ ሰው አያይም። እኔ ይገዙ፣ ጡረታ የወጣሁ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝና መቀመጥ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የእሱ ግን ያናድደኝ ነበር። ጢሙን መላጨት እንኳ ተወ። "ሰውዬው በቁሙ ዛገብኝ" አለችኝ አንድ ቀን ሚስቱ ወለተጻድቅ። የቀለደች መስሎኝ ሳቅሁ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ሳይ ግን አፈርኩ።

ማክሰኞ ዕለት ዙሀራ መጣች። የሰፈራችን ልጅ ናት፤ ዓለም ባንክ ሰፈር ባለ አንድ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ታስተምራለች። በአንሶላ የጠቀለለችውን ነገር ስትፈታው ከፎም የተሠራ፣ ከሜትር የሚበልጥ የአውሮፕላን ክንፍ ሆኖ ተገኘ። የሳይንስ ክበቧ ተማሪዎች የሠሩት አውሮፕላን ነው። ክንፉ ክረምቱን እርጥብ ግድግዳ ተደግፎ ከርሞ የግራ ጫፉ ወደ ታች ጎብጧል።

"ጋሼ ኃይለመስቀል፣" አለች ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፣ "እሑድ የወላጆች ቀን ነው። አዲሱ ርዕሰ መምህራችን የሚበር ነገር ካላሳያችሁኝ የክበቡን ክፍል የወንበር መጋዘን አደርገዋለሁ ብሏል። መቼም እርስዎ ያላቃኑት ነገር የለም።"

ከቦርሳዋም ሁለት ጥቁር ዘንጎች አወጣች። እንደ ሹራብ መሥሪያ የቀጠኑ፣ ሲያጎብጧቸው መልሰው ቀጥ የሚሉ የካርቦን ዘንጎች ናቸው። ፎሙ ላይ ቦይ ይቀደድና ዘንጉ በኮላ ይቀበርበታል፤ ክንፉ አጥንት አገኘ ማለት ነው። ከሁለቱ ሌላ ከየትም አላገኘችም።

ኃይለመስቀል ክንፉን ብድግ አድርጎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አነጣጠረበት። ያቺን አስተያየቱን ከሁለት ዓመት በኋላ ሳያት ደስ አለኝ።

"ይሄማ ምን አለው!" አለ እንደ ልማዱ እየጮኸ። "ነገ መጥተሽ ውሰጅ።"

በነጋታው ቦዩን ቀደደ፣ ኮላውን ቀባ፣ ዘንጉን በአውራ ጣቱ እየተጫነ አስተኛው። ሥራው በረንዳው ላይ ባለችው አሮጌ ጠረጴዛ ላይ ነበር። "ውኃ ልኬን ላምጣልህ?" ብለው፣ "ዓይኔ ውኃ ልክ ነው!" ብሎ አፌን አስያዘኝ።

ሐሙስ ከሰዓት ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሞከርነው። አውሮፕላኑ ተነሣ ስንል ወደ ግራ ተጋደመና አፍንጫውን አቧራው ውስጥ ተከለ። ክንፉ አልተሰበረም፤ ግን ዛሬም ጎባጣ ነው፣ ያውም አሁን የማይታጠፍ ጎባጣ። ዘንጉ እንደ ጉብጠቱ ተኝቶ ኮላው ደርቆበታል።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አልኩት። ምላሴን በቆረጠው!

ኃይለመስቀል ግንባሩን በመዳፉ መታ። "ጋራዥ ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ ምን እያልኩ ነበር የምጮኸው? ሳይቃና እንዳትበይዱ! ጠማማ በር ላይ ማጠናከሪያ የበየደ ጠማማነቱን አጠናከረ እያልኩ! ይኸው፣ እኔው ጠማማውን አጸናሁት።"

አለቀ፣ ወደ በረንዳው ተመለሰ ብዬ ፈራሁ። ዙሀራም ሳትፈራ አልቀረችም።

"ይተዉት ጋሼ፣ እኔ ርዕሰ መምህሩን እለምነዋለሁ።"

"ምን ይተዉት! አንድ ዘንግ አለን አይደል?"

ዓርብን ግማሽ ቀን ዘንጉን በምላጭ ፈልፍሎ ሲያወጣ ዋለ። ዘንጉ ተሰነጠቀ፣ ስንጣሪው ጣቱን ወጋው፣ ክንፉ ግን ተረፈ። አሮጌውን ቦይ በፎም ቁራጭ ደፈነና አዲሱን በሌላው ገጽ ለመቅደድ ተነሣ።

"ብረት ሲመቱት በዚያው ይረጋል፤ ፎም ግን ሲጫኑት እሺ ይልና ሲለቁት ይመለሳል" አለኝ። "ኮላው እስኪደርቅ ቀጥ ያለ ነገር ላይ ተጭኖ መዋል አለበት። ውኃ ልክህን አምጣ።"

እንደዚያ ብሎኝ እንደማያውቅ! አመጣሁ። ጠረጴዛው ላይ ብናጋድመው ከሥሩ ብርሃን አሾለከ። ወለሉም ያው። እኔ ቤት ሄድን፣ የባሰ ሆነ። ሠላሳ ዓመት ጎርባጣ ላይ መኖሬን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። በመጨረሻ ኃይለመስቀል መኝታ ቤት ገብቶ የቁም ሣጥኑን መስተዋት አየው። ወለተጻድቅ ስትዳር ያመጣችው ቁም ሣጥን ነው። ውኃ ልኩን ለጠፈበት፤ ቅንጣት ብርሃን አላሳለፈም። ብሎኑን መፍታት ጀመረ።

"ሰውዬ፣ ጤና ነህ?" አለች ወለተጻድቅ።

"ወለቴ፣ እዚህ ቤት ቀጥ ያለ ነገር ይሄ ብቻ ነው።"

"እኔስ?"

ሳቀ። ሲስቅ ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ!

መስተዋቱን አጋደምን። ክንፉን ላዩ ላይ አስተኝቶ ዘንጉን ቀበረና ዳርና ዳሩን በሽሮ ቆርቆሮ፣ በጡብና በእኔ አሮጌ የመኪና ባትሪ ተጫነው። እስከ ቅዳሜ ከሰዓት ከአጠገቡ አልተነሣም። እኔ አላስችለኝ ብሎ ገለጥ ላደርገው ስል "እጅህን!" ብሎ ጮኸብኝ። ጭነቱ ሲነሣ ክንፉ ቀጥ ብሎ ቀረ።

እሑድ ወላጆች ሜዳውን ከበቡ፤ ርዕሰ መምህሩ እጁን አጣምሮ ቆመ። ዙሀራ መቆጣጠሪያውን ይዛ ከንፈሯን ትነክሳለች። አውሮፕላኑ ተነሣ። ነፋስ መታውና ግራ ክንፉ ዘንበል አለ። መልሶ ቀና አለ! ሜዳውን ሁለት ጊዜ ዞሮ ሣሩ ላይ አረፈ።

"ልጆቹ ጮኹ እንዴ?" አለኝ ኃይለመስቀል።

"አደነቆሩኝ እንጂ!" አልኩት ጆሮው ሥር።

ርዕሰ መምህሩ እጁን ፈትቶ "ወንበሮቹን ሌላ ቦታ እንፈልግላቸዋለን" አለ። ዙሀራ አለቀሰች። ኃይለመስቀል ግን ሜዳው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ጮኾ ጠየቃት። "ክፍሉ ሰኞ ስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?"

ሰኞ ጠዋት ቤቱ ጎራ ስል ጢሙን ተላጭቶ፣ ቱታውን ለብሶ መስተዋቱን ወደ ቦታው ሊመልስ ሲታገል አገኘሁት። ወለተጻድቅ መፍቻውን ከእጁ ወሰደች።

"ተወው፣ ይዘኸው ሂድ። እዚያ ያሉት ጠረጴዛዎች ከእኛ ይሻላሉ ብለህ ነው?"

"አንቺስ በምን ልትታዪ ነው?"

"አንተ ቀና ብለህ እየኝ እንጂ፣" አለችው፣ "እኔ መስተዋት ምን ያደርግልኛል?"