ድናለች ወይስ አልዳነችም

ሚዛን ተፈሪ የደረሰኝ በዕጣ ነው። ከነርስ ትምህርት ቤት ስንመረቅ ከቆርቆሮ ውስጥ ወረቀት አወጣን፤ ጓደኞቼ ናዝሬትና ደብረ ዘይት ሲያወጡ እኔ እጄን ሰድጄ የዝናብ አገር ዛቅኩ። በደርግ ጊዜ ሥራ መልቀቅ የሚባል ነገር የለም። መልቀቂያ የሌለው ሰው ሌላ ቦታ አይቀጠርም፤ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያልያዘ ደግሞ ጅማ እንኳ አይሻገርም። ክረምት ሲገባ መንገዱ ራሱ በጭቃ ይዘጋል። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ አንድ ቀን ለጤና ጣቢያው ኃላፊ "እስረኛ እኮ የሚታሰረው በፍርድ ነው፣ እኔ ምን አድርጌ ነው?" ብለው ዙሪያውን ቃኝቶ በሩን ዘጋው። ደግ ሰው ነበር፤ ግን ጥላውን ይፈራል።

ልጅቷን አባቷ ያመጣት በገበያ ቀን ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፣ ስድስተኛ ክፍል የደረሰች። ከሸኮ መንገድ ገባ ካለ የቡና መንደር በእግር ነው የመጡት፤ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ በመካከላቸው ሰንሰለት። አባትየው የቡና ማከማቻውን በር የሚዘጋበት ሰንሰለት ነው። አንዱ ጫፍ ቁርጭምጭሚቷ ላይ በጓጉንቸር ተቆልፏል፣ ሌላው በእሱ እጅ ተጠምጥሟል። ቁርጭምጭሚቷ ቆስሎ ዝንብ ወርሮታል።

ደሜ ፈላ። "አንተ ሰው ነህ? ልጅ እንደ ፍየል ይጎተታል?" አልኩት። በዕድሜ አባቴ ይሆናል። በዚያ አገር ግን አማርኛ ለብዙው ሰው ሁለተኛ ቋንቋ ስለሆነ "አንቱ" ብሎ ነገር የለም፤ ትልቁም ትንሹም "አንቺ" ነው የሚለኝ። በመጀመሪያው ወር ተቀይሜ ነበር፣ በኋላ እኔም ለምጄ ሁሉንም "አንተ" እል ጀመር።

"አንቺ ሲስተር፣ ብፈታት ወንዝ ትገባለች" አለኝ። "እናቷ ሞታለች። እኔ ቡና ለቀማ ስወርድ ማን ይይዛታል?" መልሶ ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ ቁጭ ብሎ ማልቀስ ጀመረ።

ነገሩ የመጣው ታላቅ ወንድሟ ከገበያ ታፍሶ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ በኋላ ነው። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣች። ከዚያ የወንድሟን ድምፅ መስማት፣ ቆይቶም በየደረሰችበት እሱን ማየት ጀመረች። አንድ ቀን ቀበሌው ሕዝቡን ሰብስቦ ሁሉም ግራ እጁን አንስቶ መፈክር ሲያሰማ፣ እሷ ብድግ ብላ ሊቀመንበሩን "ወንድሜን የወሰድከው አንተ ነህ፣ አምጣው" አለችው። ይህ ቃል በዚያ ሜዳ ላይ በተሰበሰበው እናትና አባት ሁሉ አፍ ውስጥ ነበር። ጤነኛ ሰው ቢናገረው ኖሮ በማግስቱ አይገኝም። ልጅቷን ያተረፋት እብድ መባሏ ነው። ሊቀመንበሩ "እብድ ናት፣ እሰራት" ብሎ አባቷን አዘዘው፤ አባቷም አሰራት።

ኃላፊው "የአእምሮ በሽተኛ ማስተኛ የለንም" አለ። እውነቱን ነው። ለዚህ በሽታ የሚሆን ሆስፒታል ያለው አዲስ አበባ ነው፤ አዲስ አበባን ደግሞ ማን አየው? እኔ ግን ግትር ነኝ። በሴቶች ክፍል ጥግ አልጋ ሰጠኋት፣ ክሎርፕሮማዚን የሚባለውን የሚያረጋጋ ኪኒን ጀመርኩላት፣ ቁስሏን በየቀኑ አጠብኩ። ሰንሰለቱን መድኃኒት መጋዘን ውስጥ ወረወርኩት። መጀመሪያ መጀመሪያ እንዳትጠፋብኝ የነጠላዬን አንድ ጫፍ በእጇ፣ ሌላውን በወገቤ አስሬ ነበር የምዞረው። መርፌ ስቀቅል ከጎኔ ናት፣ አራስ ስጎበኝም ከጎኔ ናት። በሽተኞቹ "ሲስተር ጥጃ ገዛች" እያሉ ሳቁብኝ። ይሳቁ፣ ሳቅም መድኃኒት ነው።

ሲሻላት ሥራ ሰጠኋት። ለቁስል የምንጠቀምበትን ጎዝ እየቆረጥን በአራት ማዕዘን አጥፈን ነበር የምንቀቅለው። መጀመሪያ ቀዳደደችው። ከዚያ ማጠፍ ቻለች። ቆይታ ደግሞ እኔ ያጠፍኩትን አንስታ "ይሄ ጠማማ ነው" ብላ ፈትታ ደግማ ታጥፍ ጀመር። ያን ቀን ደስ ብሎኝ አቅፌ ሳምኳት። ኪኒኑ ረሃብ ያመጣል፤ ከየጠያቂው ጎደሬና ቆጮ እየተቀበለች ጉንጯ ሞላ። ነሐሴ ላይ "ወንድምሽ አሁንም ያናግርሻል?" አልኳት።

"አይ። እሱ እዚህ የለም፣ ወታደር ቤት ነው" አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ስብሰባ ላይ ያልኩት ግን እውነት ነው" አለችኝ። አፏን በእጄ ያዝኩት።

አባቷ ጴንጤ ነው። ያን ጊዜ ጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ በየቤቱ ተደብቀው ነበር የሚጸልዩት። በእነሱ ዘንድ እግዚአብሔር ያደረገልህን ይዘህ ዝም ማለት እንደ ሌብነት ነው፤ ቆመህ መመስከር አለብህ። እሱም ቆሞ "ልጄ ድናለች፣ አባቴ ብላ አነጋገረችኝ" ብሎ እያለቀሰ መሰከረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ወሬው ሊቀመንበሩ ጆሮ ደረሰ።

ሊቀመንበሩ ጠመንጃ ካነገተ አብዮት ጠባቂ ጋር ጤና ጣቢያ መጣ። "ጓድ ሲስተር፣ ልጅቷ ድናለች አሉ" አለኝ።

"እየተሻላት ነው።"

"እሱን አልጠየቅኩሽም። ድናለች ወይስ አልዳነችም? ከዳነች ያን ቀን የተናገረችውን ማን እንዳስተማራት እኛው ጋ ገብታ ታስረዳለች። ካልዳነች እብድ ሜዳ ላይ አይለቀቅም፣ ትታሰራለች። ነገ ጠዋት ከአባቷ ጋር ቀበሌ ይዘሻት ነይ።"

የቀበሌው እስር ቤት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከዚያ የሚወጡትን ሰዎች ቁስል የማጥበው እኔ ነኝ። ሴት ልጅ እዚያ ስትገባ የሚደርስባትንም አውቃለሁ። አባቷን አስጠርቼ "አልዳነችም በል፣ ሌላ መላ የለንም" አልኩት።

"የመሰከርኩትን እንዴት እክዳለሁ? እግዚአብሔር ያደረገውን አላደረገም ልበል?"

"እግዚአብሔር ይገባዋል፣ ሊቀመንበሩ ነው የማይገባው" አልኩት በንዴት። ልጅቷ አጠገባችን ጎዝ ታጥፋለች። ቀና ብላም አላየችን።

በማግስቱ ቀበሌ ገባን። ሊቀመንበሩ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል፣ ከጎኑ አንድ ባዶ ወንበር አለ። "አልዳነችም" አልኩ። ወደ አባቷ ዞረ። አባትየው ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ መሬት መሬት ያያል። ሊቀመንበሩ ፈገግ ብሎ "ገባኝ" አለ። ከዚያ ልጅቷን "እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ ወንድምሽ የት ነው ያለው?" አላት።

ወንድሟን ማየት ካቆመች ስንት ሳምንት ሆኗታል። ደህና አድርጋ የት እንዳለ ታውቃለች። ቀና አለች፤ ሊቀመንበሩን ሳይሆን ባዶውን ወንበር አይታ ሳቅ አለች። "ይኸው አጠገብህ ተቀምጧል" አለችው። "እጁን ትከሻህ ላይ አድርጓል። አይከብድህም?"

ሊቀመንበሩ ሳያስበው ወንበሩን ወደ ግድግዳው ሳበ። አብዮት ጠባቂው የዘመኑን ነገር ረስቶ አማተበ።

"እብድ ናት" አለ ሊቀመንበሩ። "ዛሬውኑ ትታሰርና አባቷ ይዟት ይሂድ። ይሄ ጓድ ስትታሰር በዓይኑ አይቶ ይንገረኝ።"

ወደ ጤና ጣቢያ ስንመለስ እጄን ያዝ አድርጋ "ጎበዝ ነኝ?" አለችኝ በጆሮዬ። "ጎበዝ ነሽ፣ የእኔ እናት" አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

ሰንሰለቱን ከመጋዘን አወጣሁት። አባቷ ጓጉንቸሩን ደጋግሞ ጣለው፤ በመጨረሻ እኔ ተቀበልኩት። እንደዚያ ቀን ሁሉን ነገር ጠልቼ አላውቅም፤ ሊቀመንበሩን፣ ዕጣውን፣ ዝናቡን፣ የገዛ እጄንም። በር ላይ የቆመው አብዮት ጠባቂ "ቶሎ በይ እንጂ" አለ። ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገችና እግሯን ራሷ ዘረጋችልኝ። ቁስሉ ድኗል፣ ጠባሳው ብቻ ቀርቷል። ሰንሰለቱን በድሮው ልክ ጠምጥሜ ልቆልፍ ስል ጫፍና ጫፉ አልገናኝ አለኝ።

"ወፍሬያለሁ እኮ ሲስተር" አለችኝ። "ላላ አድርጊው።"

ሁለት ቀለበት ለቀቅኩላትና ቆለፍኩት።