ከምድጃ በላይ የተሰቀለው ጠፍር

ቄሰ ገበዝ አሥራተ ማርያም በደን ውስጥ ሲቆጥሩ ያየ ሁሉ፣ «ዳዊቱን ጨርሰው ወደ ወይራው ዞሩ» ይል ነበር። እውነትም ነገሩ ለሐሜት ይመቻል። ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ በመስቀል ማግስት፣ ሠላሳ ክንድ የቆዳ ጠፍር ይዘው ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ወዳለው የደብራቸው ደን ይገባሉ። የጠፍሩን አንድ ጫፍ ከትልቁ ጥድ ያስሩና ሌላውን ይዘው እንደ ታሰረች በቅሎ ይዞራሉ። በዙሩ ውስጥ ያለውን፣ ከጉልበት በታች የሆነ ወይራና ክትክታ አንድ በአንድ ቆጥረው በብራና ቁራጭ ያሰፍራሉ። ከዚያ ጠፍሩ አይጥ እንዳይበላው ከምድጃ በላይ ይሰቀላል። ሚስታቸው ጥሩሐረግ፣ «ከኔ ይልቅ ለጠፍሩ ያዝናሉ» እያለች ለጎረቤት ታማቸዋለች።

በመጀመሪያው ዓመት ዘጠና አንድ የወይራ ቡቃያ ነበር፤ በ1962 አራት ቀረ። ፍየል የማይደፍረው ክትክታ ግን ደኑን ወርሶታል። ትልልቁ ወይራ ሲወድቅ ተተኪ የለውም ማለት ነው። ስለዚህ ቄሰ ገበዝ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ «ደኑ ከፍየል ይከለል» አሉ።

በፍየል ብዛት አገር ያወቀው ደሴ ተነሣ። «አባ፣ ፍየሎቼ ምን በደሉ? ዕድሜ ሲገፋ ዓይን ይደክማል፤ ወይራው አልታይዎት ብሎ ይሆናል።»

ሰው ሳቀ። ነገሩ ለሚቀጥለው እሑድ ተቀጠረ።

በሳምንቱ መካከል ቆዳ ነጋዴው ሙሄ ከሰቆጣ መጥቶ ቄሰ ገበዝ ቤት አረፍ አለ። ቀና ሲል ጠፍሩን አየ።

«ይህ ስንት ክንድ ነው?»

«ሠላሳ።»

«መቼ የተለካ?»

«በ1940።»

ሙሄ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «ቄሰ ገበዝ፣ እኔ በቆዳ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ጭስ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የከረመ ጠፍር ይኮማተራል።»

ቢለኩት ሃያ አምስት ሆነ። ቄሰ ገበዝ መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። ያነሰው ወይራው ሳይሆን ዙሩ ቢሆንስ? ደሴ ይህን ከሰማ ደኑ አለቀለት።

«ካሻዎት እኔ አላየሁም» አለ ሙሄ።

«እግዜር አይቶ የለም ወይ፣ ሙሄ?»

ይሄኔ ጥሩሐረግ ከጓዳ ብቅ አለች። «የመጀመሪያው ዓመት በዙሩ ጠርዝ አራት ድንጋይ ተክለው አልነበረም? የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ እርስዎ ቢረሱት ወገቤ አልረሳውም።»

ሦስቱም ሄደው ክትክታውን ገለጥ ገለጥ ሲያደርጉ ድንጋዮቹ እንደ ተተከሉ ተገኙ። በድንጋዮቹ ልክ እንደገና ተቆጠረ።

እሑድ ዕለት ቄሰ ገበዝ ማንም ሳይጠይቃቸው የጠፍሩን ጉድ ተናገሩ። ደሴ ፈገግ ማለት ሲጀምር፣ «በጠፍሩ አራት ነበር፤ በድንጋዩ ስድስት ሆነ» አሉ። «እኔ የተሳሳትኩት በሁለት ወይራ ነው። የጠፋው ግን ሰማንያ አምስት ነው።»

የሳቀ የለም። «ስሕተቱን በገዛ አፉ የነገረን ሰው ቁጥሩን አይዋሽም» አለ አንድ ሽማግሌ። ደኑ ተከለለ፤ ሣሩ ብቻ በማጭድ እየታጨደ እንዲወጣ ተፈቀደ።

በ1966 የመስቀል ማግስት ሠላሳ ሁለት የወይራ ቡቃያ ተቆጠረ። የዚያ ዘመን ድርቅ አገሩን አራቁቶት ነበርና ደሴ ከደኑ ያጨደውን ሣር ተሸክሞ ሲወጣ ቄሰ ገበዝን አገኛቸው። የተረፉት ጥቂት ፍየሎቹ በዚያው ሣር ነበሩ የቆሙት።

«አባ፣ ፍየሎቼ ሳታመሰግን እንዳትመለስ ብለውኛል» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

ቄሰ ገበዝ እቤታቸው ገብተው ሠላሳ ሁለትን በብራናው አሰፈሩ። ከሥሩም እንዲህ ጻፉ፦ «የሙሄ ዓይን ይባረክ፤ የጥሩሐረግ ወገብ ይባረክ።»