የቅዳሜው ፕላስቲክ

ጥሩሰውን የማውቀው ፈረንጅ አገር፣ ስኮትዴል ካለው የፕላስቲክ ፋብሪካ ነው። እሱ ፕላስቲኩን ያቀላቅላል፣ እኔ አበዛሽ ደግሞ ያለቀውን ካርቶን ውስጥ አሽጋለሁ። የምንሠራው ለባሕር ሰዎች ነበር፦ ኦይስተር የሚሉትን ቅርፊታም የባሕር ነገር የሚያረቡበት የመረብ ከረጢት፣ ገመድ፣ ማሰሪያ። ፈረንጅ ከነነፍሱ ይውጠዋል አሉ። ኤዲያ!

ጥሩሰው ዝምተኛ ሰው ነው። ታናሽ ወንድሙን ንዋይን ከሱዳን ስደት ጀምሮ እንደ አባት ያሳደገው እሱ ነው። አንድ አመል ግን ነበረው፤ እሁድ ቅዳሴ ላይ እጁ ጠቁሮ ከሚታይ ሞቱን ይመርጣል። ፕላስቲኩ ውስጥ የሚገባው ጥቁር ዱቄት ደግሞ ጥፍር ስር ከገባ በምንም አይለቅም። ቅዳሜ ኦቨርታይም ሠርቶ ማታ እጁን ሲፈትግ ቆዳው ይላጥ ነበር።

ምላሴን ይቁረጠውና የመከርኩት እኔ ነኝ። «ቀለም አይደለም እንዴ? ቅዳሜ ቅዳሜ ቀነስ አድርገው» አልኩት። «ለማንበላው ነገር ምን አስጨነቀህ?» ተሳሳቅን። ሦስት ጭልፋ የነበረው ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሆነ። ዕቃው ያው ጥቁር ነው፣ ማንም ልብ አላለውም።

በፈረንጆቹ ሰማንያ ስድስት ጥሩሰው ለንዋይ ሥራ አገኘለት። ባሕር ዳር ነው፤ ከኛ ዕቃ የሚገዛ ሰውዬ ዘንድ፣ ውኃ ላይ በሚንሳፈፍ መድረክ ቆሞ ከረጢት ማገላበጥ። ዳውንታውን አውቶቡስ ጣቢያ ስንሸኘው ልጁ ፈራ።

«ጋሼ፣ እኔኮ ዋና አልችልም» አለ።

«መድረኩ በኛ ማሰሪያ ነው የሚታሰረው፣ አይዞህ» አለው ጥሩሰው።

በዓመቱ ነሐሴ ላይ ከደንበኞች የተመለሰ ካርቶን መጣ። ከፈትኩት። ከረጢቱ ነጣ ብሏል፤ ጨበጥ ሳደርገው እንደ ድርቆሽ እጄ ላይ ተንኮታኮተ። ሌላውም እንደዚያው። ሱፐርቫይዘራችን አንዱን ስባሪ አንስቶ አየና ፊቱ ተለወጠ።

«ያ ጥቁር ዱቄት ለቀለም ብቻ አይደለም» አለ። «ፕላስቲኩን ከፀሐይ የሚጠብቀው እሱ ነው። ካነሰ ፀሐይ ይበላዋል፣ ከዚያ ማዕበሉ ይሰባብረዋል።»

ከዚያ የተሠራበትን ቀን ከየከረጢቱ ማኅተም ላይ እያነበበ ቆጠረ። ቅዳሜ። ቅዳሜ። አሁንም ቅዳሜ።

ጥሩሰውን ወደ ጥግ ጎተትኩት። «ዝም በል፣ ያባርሩሃል! ማን ያውቃል?» አልኩት። ፈርቼ ነው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

«እትዬ አበዛሽ፣ ገመዱንም ማሰሪያውንም ቅዳሜ ሠርቻለሁኮ» አለኝ። «የንዋይ መድረክስ?»

እሱ ቀጥ ብሎ ቢሮ ገባ፤ ተከተልኩት። «ዱቄቱን የቀነስኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ ውኃ ላይ ነው» አለ። ሱፐርቫይዘሩ ስልኩን ገፋለት።

የንዋይ አሠሪ አነሳ። ድምፁ ጎላ ያለ ስለሆነ እኔም እሰማለሁ። ማዕበል እየመጣ ነው፣ ንዋይ ከረጢቶቹን ሊያጠባብቅ ገና አሁን መድረኩ ላይ ወጣ አለ። ጥሩሰው መድረኩ በምን እንደታሰረ ጠየቀው።

ሰውየው ሳቀ። «በናንተው ነዋ! እኔማ ከሌላ ፋብሪካ አዲስ ማሰሪያ ገዝቼ ነበር፤ ወንድምህ ፈትቶ ጣለው። ወንድሜ ባልሠራው ላይ አልቆምም አለኝ።»